ሐረጎ ላይ የተጎዘጎዘ ጥድ

ጥድ ሲከረከም የሚወጣውን ሽታ የማይወድ ሰው አላውቅም። ሰርግ ቤት ይመስላል፤ ዓመት በዓል ይመስላል፤ ንጹሕ ነገር ሁሉ ይመስላል። እኔም እወደው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር በኩል ዳቦዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ አንድ ጎረቤታችን አጥሩን አስከርክሞ መንገድ ዳር የጣለውን ቅርንጫፍ ባጃጅ ደፍጥጦት አለፈና ሽታው ደረሰኝ። ከዘራዬን ተደግፌ ቆምሁ። አላፊ አግዳሚው "አባባ፣ ምን ሆኑ?" እያለ ሲጠይቀኝ "ምንም፤ ትንሽ ደከመኝ" አልሁ። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፈ ሰው፣ ፊርማው በስንት ውሳኔ ግርጌ ያረፈ ሰው፣ ቅጠል ፈርቼ ነው የቆምሁት ብሎ መንገድ ላይ አይናገርም። ስለዚህ በጽሑፍ እናገራለሁ። ጽሑፍ የለመድሁት ነገር ነው፤ ፍርሃት ግን በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሆኖብኛል።

የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍሁት በመንገድ ጥገና ክፍል ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ፣ በተለይም ሐረጎ የምንለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ በእኛ ክፍል ኃላፊነት ሥር ነበር። ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ገብቼ በክፍል ኃላፊነት ወጣሁ። ስሰናበት አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ጋቢ ተሰጠኝ፤ ሰዓቱ ቆሟል፣ ጋቢው ግን እስካሁን ይሞቃል። ጡረታ የወጣ ሰው በእኛ አገር ወይ ወደ መስጊድ ያዘነብላል፣ ወይ ወደ ቅሬው፤ ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች እድርን የምንጠራበት ስም ነው። እኔ ሁለቱንም አድርሼ ቀኑ አልመሽ ቢለኝ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርሁ፤ ያውም የወንጀል ልብ ወለድ። ባለቤቴ ዘሀራ ይህን ስትሰማ "ሰው ሲያረጅ ዱዓ ይጨምራል፤ የኔው ጌታ ሬሳ ይጨምራል" አለች። ከዚያ በኋላ ምሳ ባቀረበች ቁጥር "ዛሬስ ስንት ገደልህ?" ማለትን እንደ ቢስሚላህ ያዘችው።

ሐሳቡ የመጣልኝ በዚያው በቧንቧ ውሃ፣ በዚያው የጥድ አጥር ሥር ነው። ያን ቀንም አጥሩ እየተከረከመ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ብርድ በጀርባዬ ወረደና፣ ወዲያው አንድ ሙሉ ታሪክ ራሴ ውስጥ ተቀመጠ። ነገሩ እንዲህ ነው። በመንገዳችን የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ይወርድና በአቅራቢያው ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከመኪናው ፊትና ኋላ አስፋልቱ ላይ ይጎዘጉዛል። ቅጠል ያየ ሾፌር በዚያ ረድፍ የቆመ መኪና እንዳለ ይረዳና ሳይጠይቅ ወደ ሌላው ረድፍ ይሻገራል። ይህ በየትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም፤ ደንቡን ሁሉ ስላነበብሁ በድፍረት እናገራለሁ። ሆኖም ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይከበራል። ምልክት የሚጥስ፣ ትራፊክ የሚሸውድ ሾፌር እንኳ ቅጠል አይጥስም። ታዲያ መኪና ሳይበላሽ ቅጠል የሚጎዘጉዝ ሰው ቢኖርስ? በሐረጎ ጉም ውስጥ፣ በተራራው በኩል ባለው ደህና ረድፍ ላይ ቢያነጥፈውና የሚጠብቀውን ሰው ወደ ገደሉ ረድፍ ቢሸኘውስ? ከዚያም ቅጠሉን ሰብስቦ ቢሄድ፣ ጥይት የለ፣ ጩቤ የለ፣ ምስክር የለ። ሟች የሞተው የሰውን ምልክት በማመኑ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ደራሲ እንደሌለ ለማረጋገጥ በከተማው የሚከራዩ መጻሕፍትን አንድ በአንድ አነበብሁ። ማንም አልደረሰበትም ነበር። ለራሴ ብቻ ያዝሁት እንጂ በጣም ኮርቼ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይለኛል። ያኔ ደሴ ጠባብ ነበረች፤ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጎን ነበር። እያንዳንዱ ሻይ ቤት በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ የየራሱን ዘፈን ስለሚያሰማ፣ ከፒያሳ ወደ አራዳ ስንወርድ ከአንዱ ዘፈን ወጥተን ወደ ሌላው እንገባለን፤ በሁለቱ መካከል ባለው ዝምታ ላይ የጫማችን ተረከዝ ይሰማል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ ያለው ደግሞ ፓስቲ ጨምሮ እንደ ባለጸጋ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ቤል ቦተም ነበር። ክረምት ሲገባ የደሴ ጭቃ እንደማይምረው እናውቃለን፤ ነገር ግን እንደ ሴት ቀሚስ ጠርዙን በእጃችን ሰብስበን እንራመዳለን እንጂ አናሳጥረውም። አሁን የልጅ ልጆቼ ጠባቡን ሱሪ ለብሰው ቁጢጥ ማለት ሲያቅታቸው ሳይ እስቃለሁ፤ በእኛ የሳቁት ሽማግሌዎችም ይኸው ሳቅ ነበር የሳቁት።

ያን ዘመን የማስታውሰው ባብዛኛው በሰይድ ፎቶ ቤት በኩል ነው። ሰይድ የዛሬዋ ባለቤቴ የዘሀራ ታላቅ ወንድም ነበር። ፎቶ ቤቱ ከፒያሳ ዳገት ላይ አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ከበስተኋላ በተሰቀለው ሸራ ላይ ሐይቅና አውሮፕላን ተስሎ ነበር፤ አውሮፕላኑ እያረፈ ይሁን እየወደቀ ሠዓሊው ራሱ አያውቅም ይባላል። ምስማር ላይ አንድ ቀይ ክራቫት ተንጠልጥሏል። ክራቫት የሌለው ይዋሰው ነበር፤ ክራቫት ያለው ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ የእኛ ዘመን የደሴ ወጣት ሁሉ ፎቶ የተነሣው በአንድ ክራቫት ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ክራቫቱ ቀይ እንደነበረ የምናውቀው ያሰርነው ብቻ ነን። የእኔው ፎቶ ዛሬም ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ከአውሮፕላኑ ሥር ቆሜአለሁ።

ሰይድ አንዲት ሰማያዊ ሲቼንቶ ነበረችው፤ ያችን ትንሽ የጣሊያን መኪና የዛሬ ልጆች አያውቋትም። ድምፅዋ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጫቀጭ ስለነበር ከሩቅ ትለያለች። እናቶች "ሰይድ መጣ" ብለው ልጆቻቸውን ከመንገድ የሚሰበስቡት ገና ሳትታይ ነው። ለበዓልም ሆነ ለሰርግ ሰይድ ከለስላሳ በቀር በአፉ አልዞረም፤ እሱንም ቢሆን በሁለት ብርጭቆ ከፍሎ ለእንግዳ ያቀርባል። ጨዋታ ግን ይወድ ነበር። ምላሱ ስለታም ነበር።

አባታቸው ስለሞተ ዘሀራን የሚድራት እሱ ነበር። ያኔ እንድሪስ የሚባል ጎበዝ፣ ከአሰብ ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ረዳት፣ ሽማግሌ ላከባት። ሰይድ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ በመጨረሻ "እኅቴን የናፍጣ ሽታ ያማታል" ብሎ መለሳቸው። ይህች መልስ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ፒያሳ ደረሰች። ሻይ ቤት ውስጥ ናፍጣ የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር ሳቅ ነበር። እንድሪስም አብሮ ሳቀ ተባለ። ቀና ልብ ያለው ልጅ ነው ተብሎም ተመሰገነ።

በዚያ ክረምት ሰይድ ኮምቦልቻ ሰርግ ሊያነሣ በማለዳ ወረደ። ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ረፋዱ ላይ የመንገድ ካምፑ ላንድሮቨር ሲነሣ እኔ ገና አዲስ ጸሐፊ ነበርሁና አብሬ ተጫንሁ። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ተራራው በቀኝ፣ ገደሉ በግራ የሚሆንበት አንድ ኩርባ አለ፤ ዝናቡ በዚያ ዓመት የገደሉን ዳር ስለበላው ሠራተኞቻችን ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ደርድረው ነበር። ድንጋዮቹ የሉም። ታች ገደል ውስጥ፣ ከሲቼንቶዋ በላይና በታች ተበታትነዋል። የካሜራው ማኅደር በማንገቻው ቁልቋል ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሰዎች ሲወርዱ እኔ ከላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ ቀን በአእምሮዬ የቀረው ሌላ ነገር ቢኖር የሆነ ሽታ ነው፤ እርጥብ፣ ንጹሕ፣ በዓል በዓል የሚል ሽታ። መኪናዋ ድንጋዮቹን ገፍታ ገባች ተብሎ ተጻፈ። አንዲት ሲቼንቶ ያን ሁሉ ድንጋይ ጠርጋ እንደማትጥል የጠየቀ አልነበረም። ገደሉ ውስጥ፣ መንገደኛ ከጊዜ በፊት የጣለው የቢራ ጠርሙስ ተገኘ፤ ከተማውም "ሰክሮ ነው" አለ።

በእኛ ሥርዓት ጀናዛ አያድርምና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዐስር ሶላት ተቀበረ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት ፊተኛው እንድሪስ ነበር። በለቅሶው ድንኳን ከእሱ የበለጠ የሠራ፣ ውሃ የቀዳ፣ እንግዳ ያስተናገደ አልነበረም፤ እኔም የተዋወቅሁት እዚያ ነው። የዘሀራ ሐዘን ግን ሁለት ነበር። አንደኛው ወንድሟ ነው። ሁለተኛው፣ ሰዎች ዱዓ ሲያደርጉለት እንኳ አንደበታቸው ሲለጎም ማየቷ ነው፤ በመጠጥ ሞተ ለተባለ ሰው ምን ይባላል? "የሰካራም እኅት" ተባለች፤ የሚፈልጓት ቀሩ። እንድሪስ ዓመቱ ሲወጣ እንደገና ሽማግሌ ላከ፤ ይህን ጊዜ እሷ ራሷ አልፈልግም አለች፤ ምክንያት አልሰጠችም። በኋላ እኔ ስጠይቃት እሺ አለችኝ። በሰርጌ ቀን ጫማዬን የጠረገልኝ፣ ሙሽሪትንም ለማምጣት መኪና የለመነልኝ እንድሪስ ነበር። እንዲህ ያለ ወዳጅ አላህ ለማን ይሰጣል እያልሁ ስንት ዓመት አመሰገንሁ።

እሱ ሾፌር ሆነ፤ ከዚያም የራሱን መኪና ገዛ። ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ አብሬው እጫን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያኔ እንደ ሴት ወግ ቆጥሬ የተውሁት። ጉም በወረደ ቀን ከእንድሪስ ጋር ልሄድ ስል ዘሀራ አንድ ነገር ሳታመጣ አትቀርም፦ ልጅ አተኮሰው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቅሬ ተጠርተሃል፣ ራሴን አዞረኝ። ፀሐይ በሆነ ቀን ግን "በል ሂድ፤ ሰላም በልልኝ" ትላለች። እኔ ጉም ትፈራለች ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬ ልመለስ። እንድሪስ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ፓፓያና ሎሚ ባለበት ግቢ ይኖራል። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጁ ታስተዳድረዋለች። ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው የሚያውቀው በድምፅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየወረድሁ የልብ ወለዴን ምዕራፎች አነብለት ነበር። ከእሱ የተሻለ አድማጭ አላጋጠመኝም፤ "ይቺ ሴትዮ ይህን አትልም"፣ "ይህ ፖሊስ ቀብራራ ነው፤ ትንሽ ራበው በለው" እያለ ያርመኛል፤ ይስቃል፤ "ደራሲው" ይለኛል። የቅጠሉን ምዕራፍ እስከ መጨረሻ ድረስ አቆይቼው ነበር። ለዘሀራ አላነበብሁላትም፤ ወንድሟ በዚያው መንገድ ሞቷልና አሳዝናታለሁ ብዬ ነው። ታዲያ አንተ ራስህ እንዴት አላገናኘኸውም ትሉኝ ይሆናል። ሰይድ በአደጋ የሞተ ሰው ነው፤ የእኔው ገጸ ባሕርይ ደግሞ የተገደለ። በእኔ ጭንቅላት ሁለቱ በተለያየ ክፍል የሚታዩ ጉዳዮች ነበሩ።

አነበብሁ። ገዳዩ ከባሕር ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ፣ እንድሪስ እጁን ከፍ አደረገ።

"ባሕር ዛፍ አልህ?"

"ባሕር ዛፍ።"

"ጥድ አድርገው። ባሕር ዛፍ ዝናብ ሲነካው አስፋልቱ ላይ ይለጠፋል፤ በጉም አይታይም። ጥድ ቆሞ ይታያል።"

እርማቱን ልጽፍ እርሳሴን አነሣሁ፤ ከዚያ እጄ ቆመ። ሐሳቡን ያመጣልኝ የጥድ ሽታ ነበር። ባሕር ዛፍ ያልሁት ለአንባቢ ይቀርባል ብዬ ነው። ያ ከላንድሮቨሩ አጠገብ ቆሜ የሸተተኝ እርጥብ፣ ንጹሕ፣ በዓል በዓል የሚል ነገር ምን እንደነበር በዚያች ቅጽበት አፍንጫዬ ነገረኝ። እንድሪስ ግን አላየኝም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የተበላሸ ሥራ ሲሰማ እንደሚያደርገው ቀጠለ።

"ደግሞ ቅጠል ብቻውን ሰው አይጥልም። ዳር ላይ የደረደራችኋቸውን ነጭ ድንጋዮች ረስተሃል። መብራት ሲያርፍባቸው ያበራሉ፤ ሰውየው ይመለስብሃል። መጀመሪያ የሚነሡት እነሱ ናቸው።"

በእኔ ምዕራፍ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የለም። በዚያ ኩርባ ላይ ነጭ ድንጋይ የደረደርነው በአንድ ክረምት ብቻ ነው፤ በመስከረም ዳሩ በግንብ ተሠራ። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። እርሳሱ ሲቀመጥ ሰማ፤ ያን ጊዜ የተናገረውን ራሱ መልሶ የሰማው ይመስለኛል። ከግቢው ውጭ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል።

"እንድሪስ፣ ይህን ሐሳብ ከእኔ በፊት የጻፈው ሰው አለ?" አልሁት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

"የጻፈው የለም። የሠራው አለ።"

"ሰይድን?"

"ሰይድን" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጥቂቱ እነግራችኋለሁ፤ እሱም በጥቂቱ ነው የነገረኝ። ያን ማለዳ ከሚሠራበት የጭነት መኪና ኩርባው ላይ ወርዶ እንደቀረ፣ የሲቼንቶዋን ድምፅ ከሩቅ እንደለየ፣ ቅጠሉን ጠራርጎ ገደል እንደጨመረ ነገረኝ። ቅጠሉን ጠርጓል፤ ሽታውን ግን መጥረግ አልቻለም። እንዲሞት አልፈለግሁም አለ፤ መኪናዋ ቦይ ገብታ፣ ተቧጭራ፣ ፒያሳ አንድ ሳምንት እንዲስቅበት ነበር አለ። እኔ ዕድሜዬን መንገድ የጠበቅሁ ሰው ነኝ፤ በዚያ በኩል ቦይ የለም፤ ድንጋዮቹን ያነሣ ሰውም ጭረት አልፈለገም። ወረቀቶቼን በችኮላ ስሰበስብ ተንኮሻኮሹ፤ ሰማው።

"ፈራህ" አለ።

"አልፈራሁም።"

"ስንቱን ጉም አብረን ወርደናል፣ ይመር። ያኔ ያላደረግሁትን ዛሬ በዚህ ዓይኔ አላደርገውም። አብሽር።"

አብሽር በእኛ አገር አይዞህ ማለት ነው። በሕይወቴ እንደዚያች አብሽር ያስደነገጠችኝ ቃል የለችም፤ ምክንያቱም "ያኔ ያላደረግሁትን" ሲል፣ ለማድረግ ያሰበበት ቀን እንደነበረ ተረዳሁ። ስንት ጊዜ? የትኛው ኩርባ ላይ? እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥለት? ልነሣ ስል "ዘሀራ አትስማ" አለኝ። ከሰማችስ አላልሁትም። የልጁ ባል ወደ ደሴ እንደሚወጣ፣ እንደሚያደርሰኝም ነገረኝ። ሚኒባስ ይሻለኛል አልሁ። ፓፓያ በፌስታል አስያዘኝ፤ ተቀበልሁ። ከአርባ ዓመት ልማድ በአንድ ቀን መውጣት አይቻልም።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲጀምር ጉሙ ወረደ። ሰዉ ይጫወታል፤ ዶሮዎች በቅርጫት ይዛ የተሳፈረች አንዲት ነጋዴ ዋጋቸውን ትረግማለች። ያ ኩርባ ጋ ልንደርስ ስንል፣ በመብራቱ ፊት፣ አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቅጠል። ሾፌሩ መሪውን ያለ ሐሳብ ወደ ሌላው ረድፍ ሰበረ፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ ሰው ፊት ጮኼ የማላውቅ ሰው "ቁም!" ብዬ ጮህሁ። እግሩ ፍሬን ላይ ወጣ፤ ዶሮዎቹ ተንጫጩ።

ረዳቱ ዞር ብሎ ቅጠል እንደሆነ፣ መኪና ተበላሽቶ እንደሚሆን በትሕትና አስረዳኝ። ነጋዴዋ ግን "ኸረ አባቴ፣ እኛ ስንቱን ገደል በሰላም አልፈን፣ አንቱ በቅጠል ሊሞቱብን ነው?" ስትል ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ በሩን አስከፍቼ በከዘራዬ እየዳሰስሁ ወደ ፊት ሄድሁ። ሰው ሁሉ እብድ እንዳለኝ አውቃለሁ። ጉሙ ውስጥ ብዙ ሳልርቅ የጭነት መኪና ቂጥ አገኘሁ። እውነተኛ መኪና፤ ጎማው ወልቋል፤ ሾፌሩ ካርቶን ላይ ቁጢጥ ብሎ ዳቦ ይበላል።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ፤ ምነው በእግር? ቅጠሉን አላዩትም?"

"አየሁት" አልሁ። "አላመንሁትም።"

"ኸረ ወላሂ፣ ቅጠል ካልታመነ በዚህ መንገድ ማን ይሄድበታል?" ብሎ ዳቦውን ቆርሶ ዘረጋልኝ።

ቤት ስደርስ ዘሀራ ምስር ትለቅም ነበር። ፌስታሉን ተቀበለችኝና እንደ ልማዷ "እንድሪስ ደህና ነው? ዛሬስ ስንት ገደላችሁ?" አለች።

"አንድ" አልሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። በቃሌ ከመንገር ይልቅ ወረቀቱን አውጥቼ የቅጠሉን ምዕራፍ አነበብሁላት። ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ የምስሩ ድምፅ ቆመ። ገዳዩ ከባሕር ዛፉ ላይ ሲቆርጥ፣ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

"ባሕር ዛፍ አይደለም" አለች። "ጥድ ነው።"

አንገቴን ነቀነቅሁ።

"ያን ቀን ቃሬዛውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ወንድሜን አትውሰዱ ብዬ ኮቱ ላይ ተንጠለጠልሁ። ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ የሚለው ሰው ጥድ ጥድ ሸተተኝ። ከየት መጣ አልሁ፤ አልተውሁትም። ግን ሽታ ይዤ ወደ ማን እሄዳለሁ?"

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

"አንተ ሳትጠይቅ የምትተወው ነገር የለም። ብነግርህ ትጠይቀው ነበር። ጠይቀኸው ስታበቃ ደግሞ አብራችሁ ሐረጎን ትወርዱ ነበር።"

ያን ጊዜ ያተኮሰው ልጅ፣ ያልመጡት እንግዶች፣ ቅሬው ሁሉ በፊቴ ተሰለፉ። ለካስ እኔ በኩራት የመንገዱን ደኅንነት ስጠብቅ በኖርሁበት ዘመን፣ የእኔን ነፍስ የጠበቀችው ይቺ ሴት ነበረች፤ ደግሞም በጥርጣሬ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ሳትተነፍስ፣ የምትፈራውን ሰው በእጇ እያበላች። እሷ ስታለቅስ አላየኋትም። "ሰይድ እንዳልጠጣ ጻፍ። የራሱን ስም ጻፍ" አለችኝ፤ ምስሯን መልቀም ቀጠለች፤ ጣቶቿ ግን ምስሩንም ድንጋዩንም አብረው ይጥሉ ነበር።

ይኸው ጻፍሁ። ሕግ ዘንድ ልሂድ ብል በእጄ ያለው ሽታና የአንድ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ ቃል ነው፤ እሱም ነገ አላልሁም ሊል ይችላል። ልብ ወለዱን ትቼዋለሁ፤ ሐሳቡ የእኔ አልነበረም። ይህን ግን የሰይድ ስም እንዲጠራ ብዬ እንጂ ደፋር ሆኜ አይደለም ያወጣሁት። ኮምቦልቻ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ለእንድሪስ የሚያነብለት ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ስልኩ ይጠራል፤ እኔና ዘሀራ እስኪያበቃ ድረስ እናየዋለን። የልጁ ባል ወደ ደሴ ይመላለሳል፤ ቤታችንንም ያውቃል።

ከትናንት በስቲያ ማለዳ የግቢያችንን በር ስከፍት ደጃፉ ላይ አንዲት የጥድ ቅርንጫፍ ወድቃ አገኘሁ። የጎረቤታችን አጥር ሩቅ አይደለም፤ ነፋስም ነበረ መሰለኝ። ልሻገራት አልቻልሁም፤ ልመለስም አልቻልሁም። ዘሀራ ከኋላዬ መጣች። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ገና መውረድ ጀምሮ ነበር።

"ቅጠል ነው እኮ" አለችና ጎንበስ ብላ አነሣቻት።

ከማንሣቷ በፊት ግን መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች።